ያተኮሰው ሶላር

ወንድሜ የሞተው በጥር ነው። ሰሊጡ ተራግፎ፣ ማሽላው ተወቅቶ፣ የቀን ሠራተኛው ወደየአገሩ ከተመለሰ በኋላ። ትኩሳት ያዘው። ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ ከዚያ ወደ ጎንደር ላኩን፣ ከጎንደር ይዘነው ተመለስን። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ መጻፍ አልሆነልኝም። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አሁን ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ሶላሩ ነው። ስለ ሶላሩ ስጽፍ ስለ እሱም መጻፌ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚህ በኩል ግን ይቀለኛል።

ቤታችን ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጋ ሲሆን አሸዋ ብቻ የሚቀርበት ወንዝ ዳር ነው። አሸዋው ሥር ግን ውኃ አለ። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ ጓሯችን ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈረ። ከዚያ ከማዶ፣ ከሱዳን በኩል የመጡ ሁለት ሶላሮችና ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ይዞ መጣ። ባትሪ የለውም። ፀሐይ ሲኖር ይስባል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያቆማል። በዚያ ውኃ የተዳቀለ የማንጎ ችግኝ ተከለ፤ በረድፎቹ መካከል ባምያ ዘራ። አገሩ የሰሊጥ አገር ነው። ባለሀብቱም፣ ገበሬውም፣ ሹፌሩም የሚያወራው ስለ ሰሊጥ ነው። ሰው ሲስቅበት ወንድሜ አብሮ ይስቅ ነበር። እናንተ ሰሊጥ ዘርታችሁ የዋጋውን ወሬ በሬዲዮ ትጠብቃላችሁ፣ እኔ ጥላ ሥር ተኝቼ ማንጎ እስኪወድቅ እጠብቃለሁ ይላቸው ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ሁሉም ስለሚያውቀው ቤት ውስጥ ማንም አያነሣብኝም። አንዳንዴ የውኃውን ጎማ ከረድፍ ወደ ረድፍ እጎትትለት ነበር። ስለ ፓምፑ፣ ስለ ሶላሩ ግን ጠይቄው አላውቅም። አለ ብዬ ነው። ያለ ሰው ነገም ይጠየቃል።

ሶላሮቹን የሰቀላቸው ማማ ላይ ነበር። ማሽላ ሲያሽት ወፍ የሚጠበቅበትን ዓይነት ማማ፣ ከሽመል፣ ማለት ከቆላ ቀርከሃ፣ ከአባሎም እንጨት አቁሞ፣ ከሥሩ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት አድርጎ ነው የሠራው። ከፍ ያደረገው ፍየል እንዳይወጣበት ይመስለኝ ነበር። የሁሉም ሰው ግምት ይኸው ነበር።

በሞተ ዕለት የዕድሩ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ነበር። ስለዚህ ዳስ መጣል ነበረበት። በእኛ ዘንድ በለቅሶ ጊዜ እንጨት ባለቤት የለውም። ጎረቤት ተሰብስቦ ዳስ ሲጥል ከአጥርም ይሁን ከበረት፣ ቋሚ የሚሆን ሁሉ ይነቀላል። አይጠየቅም፤ መጠየቁ ነው ነውሩ። ማማውም እንደዚያ ሄደ። ሲያፈርሱት አላየሁም፤ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ሶላሮቹ እንዳይሰበሩ ብለው ጣሪያው ላይ አወጧቸውና ቆርቆሮው ላይ አስተኟቸው። የማማው እንጨት ለዳሱ ቋሚ ሆነ፤ ዳሱ ሲፈርስ ደግሞ ተፈለጠ። የወንድሜ የአርባ ተዝካር ወጥ የተሠራው በወንድሜ ማማ ነው። ይህን ያሰብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ምንም አላሰብኩም።

ሶላሮቹን ጣሪያ ላይ ያወጧቸው ጎረቤታችን ናቸው። በልጅነታቸው ከጎጃም መጥተው እዚህ ያረጁ፣ ንግግራቸው ግን እስከ ዛሬ ከጎጃም ያልወጣ አዛውንት ናቸው። ከተዝካሩ በኋላ ማማውን መልሰን እናቁመው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር የሚበላው ምንድን ነው?» አሉኝ።

ፀሐይ ነው አልኳቸው።

«ታዲያ ከቆርቆሮ የበለጠ ፀሐይ የት ይገኛል? እስቲ እጅህን አሳርፍበት። እዚያ ላይ ተኝቶ ያልጠገበ የትም አይጠግብ።»

እውነት መሰለኝ። ፓምፑም ይሠራ ነበር። ተውነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር አለብኝ። እኛ ስንናገር ፀሐይ አንድ ነው። የምናይበትም ፀሐይ ነው፣ የምንቃጠልበትም ፀሐይ ነው። በመስኮት ፀሐይ ገባ ስንል ብርሃኑን ነው፤ ዛሬስ ፀሐይ ሊገድለን ነው ስንል ሙቀቱን ነው። ቆላ ደግሞ የምናበዛው ሁለተኛውን ነው። ዛሬ ብርሃን በዛብኝ ብሎ ጥላ ፍለጋ የሮጠ ሰው በእኛ አገር አላየሁም። ስለዚህ ሶላር ፀሐይ ይበላል ሲባል የሚበላው ያን እኛን የሚያቃጥለንን ነገር መሰለን። እንደዚያ ከሆነ ከመተማ ቆላ የተሻለ የሚጠግብበት አገር የለም፤ ከቆላም የእኛ ጣሪያ።

ውኃው ያስቸገረን በመጋቢት ነው። ጠዋት ደህና ይመጣል። ረፋዱ ላይ ይበረታል። ከዚያ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ፣ ችግኙ ቅጠሉን ወደ ታች ሲጥል፣ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ማለት ነው፣ ጎማው ጫፍ ላይ ያለው ውኃ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ሕፃን ሽንት ይሆናል። ወደ ማታ ትንሽ ያንሰራራል፤ ያን ጊዜ ግን ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ከጉድጓዱ ርቀው ያሉት የመጨረሻዎቹ ረድፎች ሳይጠጡ ይመሻል።

መጀመሪያ ጉድጓዱ የደረቀ መስሎኝ ድንጋይ በገመድ አስሬ አወረድኩ። ውኃው እዚያው ነው። ከዚያ አቧራውን ጠረጠርኩ። በዚያ ሰሞን ከማዶ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ይነሣል፤ ሰማዩ ቡናማ ይሆንና ሲያልፍ ሁሉም ነገር ላይ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ትቶ ነው የሚሄደው። ጠዋት ጠዋት ጣሪያ ላይ እየወጣሁ ሶላሮቹን በጨርቅ ማጠብ ጀመርኩ። የጠዋቱ ውኃ ጨመረ። የቀትሩ ግን ያው ነው። ምን እንደምጠረጥር ጠፋኝ።

እናቴ ምክንያቱን የምታውቅ ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ጎማው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጥቁር ልብሷን በጉልበቶቿ መካከል ሰብስባ፣ ያችን ቀጭን ውኃ ስታይ ቆይታ፣ «እሱም ሐዘን ይዞታል» አለች። አልቀለደችም። ከብት ጌታው ሲሞት ሣር አልበላም ይላል፣ ይኸስ ከእሱ እጅ ሌላ የማንን ያውቃል ብላ አስረዳችኝ። አላመንኳትም። የተሻለ ምክንያት ግን አልነበረኝም። ቀን በቀን ጣሪያ ላይ ስወጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሶላሮቹን ሳጥብ በቀስታ ነበር የማጥባቸው።

ነገሩ የውኃ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላሰብኩበት። በአርባው ዕለት የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከደጋ ወርዶ ነበር። አጎቴ ቆላን አይወድም። ከመኪና ሲወርድ ጀምሮ በነጠላው ፊቱን ያራግባል፣ ውኃው እንኳ ትኩስ ነው ብሎ ያማርራል። ያን ዕለት ግን ማማረሩን ትቶ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠ።

«እቴ፣ ልጅሽን የበላ አገር ላይ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት።

ከእኔ ቤት ክፍል አለ፣ ልጁም ከእኔ ጋር ይሠራል፣ መሬቱን ለሚያርስ እንሰጠዋለን አለ። እናቴ የመለሰችለትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«እነዚያን ችግኞች ዝናብ ድረስ ላድርሳቸው። ከደረሱ ከእነሱ ጋር እኖራለሁ። ከደረቁ፣ የምኖርለት አይኖረኝም፤ መጥተህ ትወስደኛለህ።»

አጎቴ ግንቦት ላይ መኪና ይዞ እንደሚመጣ ነግሯት ሄደ። ችግኞቹ እንደሚደርቁ ጥርጥር አልነበረውም፤ ቆላ ውስጥ ያልደረቀ ነገር አይቶ አያውቅማ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ አልሄድም ነበር የምለው። ወንድሜ እዚህ ነው የተቀበረው። ሁላችንም ደጋ ከወጣን እዚህ ብቻውን ሊቀር ነው። እንደዚህ ማሰብ የልጅ ነገር ይመስላል፤ ግን አስብ ነበር። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷ የምትወድቅ ቅጠል የምትወድቀው እኔ ላይ ነበር።

ሚያዝያ ገባ። በሚያዝያ ቀትር ላይ ሰው የራሱን ጥላ ፈልጎ አያገኝም፤ እግሩ ሥር ገብታ ትደበቃለች። ይህን ደጋግሜ አስተውያለሁ። ፀሐይዋ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ናት ማለት ነው፤ ጣሪያው ላይ የተኙት ሶላሮችም ፊት ለፊት ነው የሚያዩዋት። ብርሃኑን የሚከለክላቸው አንድም ነገር የለም። ታዲያ በዓመቱ ውስጥ ሶላር ይጠግባል በሚባልበት ሰዓት እንዴት ይደክማል?

አንድ ቀን እንደዚያው ቀትር ላይ ጎማውን ይዤ ቆሜ ሳለ ከምሥራቅ በኩል ነፋስ መጣ። ከነፋሱ ጋር ደመና መጣ፣ ብቻውን የሚጓዝ፣ ዝናብ የሌለው ደመና። በላያችን ሲያልፍ ግቢው ጥላ ሆነ፣ ነፋሱም በረታ። ፓምፑ ሊቆም ደረሰ። ጠብ ጠብ አለ። ጠበቅኩ። ደመናው አልፎ ፀሐይዋ ስትመለስ ጎማው እጄ ውስጥ ዘለለ። ውኃው በሳምንታት ውስጥ አይቼ በማላውቀው ጉልበት ተገፍቶ ወጣና ቦዩን ሞልቶ ወደ ጎን ፈሰሰ። ደስ ብሎኝ እናቴን ጠራሁ። እናቴ ከቤት ወጥታ እስክትደርስ ድረስ ግን መቅጠን ጀምሮ ነበር። ቀስ በቀስ፣ ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ቆሜ ቀረሁ። ፀሐይዋ ያችው ናት። ብርሃኑ ያው ነው፤ ደመናው ካለፈ በኋላ አንድም ነገር አልጋረዳትም። ታዲያ በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው?

መሰላሉን አቁሜ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው በጫማዬ ውስጥ አልፎ እግሬን ያቃጥለኝ ነበር። ጎንበስ አልኩና እጄን በሶላሩና በቆርቆሮው መካከል አስገባሁ፤ ጀርባውን ልነካ። እጄን ወዲያው መለስኩ። እላዩ ፀሐይ፣ እታቹ ቆርቆሮ፣ በመካከላቸው ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ወንድሜን ባተኮሰው ሰሞን አጠገቡ ተቀምጬ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ አብስለት ነበር። ጨርቁ ሲያርፍበት ዓይኑን ይገልጣል፣ ስለ ባምያው፣ ስለ ጎማው ያወራኛል። ጨርቁ ሲደርቅ መልሶ ይደክማል። ጎበዝ ሰው ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ኩባያ ማንሣት አቅቶት ነበር። ጉልበቱ የትም አልሄደም፤ ሙቀቱ ነው ያሰረው። ጣሪያው ላይ እንደተንበረከክሁ ይኼ ሁሉ መጣብኝ። ሐዘን አይደለም አልኩ ለራሴ። አተኩሶታል።

ወረድኩና የድሮ የፊዚክስ ደብተሬንና መጽሐፌን ከሣጥን አወጣሁ። ስማር የገባኝ አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳነበው ገባኝ፤ ምናልባት አሁን ስለፈለግሁት ይሆናል። እኔ የተረዳሁት እንደዚህ ነው። ሰሊጥ ሲራገፍ ነዶው ሸራ ላይ ተገልብጦ ይመታል፤ ፍሬው ከፍሬ ቤቱ ወጥቶ ሸራው ላይ ይረግፋል። ብርሃን ለሶላር እንደዚያ ዱላ ነው። ከአሸዋ የሚወጣውን ያን ሲሊከን የሚባል ነገር ይመታዋል፣ ከውስጡም ኤሌክትሮን ያራግፋል። የረገፈው ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲፈስ ተደርጎ ስለተሠራ በሽቦው ይሄዳል፤ ያ ነው ፓምፑን የሚያዞረው። ሙቀት ግን ዱላ አይደለም። ሙቀት ሸራውን በአራት ማዕዘኑ ይዞ እንደሚያናውጥ ሰው ነው። ይመታል፣ ይረግፋል፤ ነገር ግን ከረገፈው ጥቂቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በሽቦው የሚሄደው መጠን ብዙም አይቀንስም፣ የሚገፋበት ኃይል ግን ይላላል። የእኛም ፓምፕ ሲደክም የነበረው ለዚህ ነው።

ያወቅኩ መሰለኝ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። መሞከር ፈለግሁ። በማግስቱ ጠዋት ሶላሮቹን እንደ ወትሮው አጠብኩ፣ በኋላ አቧራው ነው እንዳይባል። ቀትር ላይ ውኃው ሲቀጥን ፀሐይ ላይ የቆየ ውኃ በጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ቀዝቃዛ ውኃ ትኩስ ብርጭቆ እንደሚሰነጥቅ ስለማውቅ ነው ለብ ያለውን የያዝኩት። እናቴን ጎማው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳትና የሚሆነውን ንገሪኝ አልኳት። ቀስ እያልኩ በሶላሮቹና በዙሪያቸው ባለው ቆርቆሮ ላይ ማፍሰስ ጀመርኩ።

ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አዩኝ። መጥተው ከታች ቆመው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አንጋጠጡ።

«ውኃ ለማውጣት ውኃ የሚደፋ ዛሬ አየሁ» አሉ። «ነገ ደግሞ ላሟን ወተት አጠጥተን እናልባታለን።»

እናቴ ግን እጇን ውኃው ላይ ዘርግታ ነበር። «መጣ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «በረታ» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። የጀሪካኑ ውኃ አልቆ ቆርቆሮው ሲደርቅ «ቀጠነ» አለች፤ መልሼ ሳፈስ መልሳ «መጣ» አለች። ጎረቤታችን አላመኑም፤ ዞረው ሄደው ራሳቸው ጎማውን ይዘው አዩ። ከዚያ ወዲያ አልቀለዱም። ማለቴ፣ ለጥቂት ጊዜ አልቀለዱም።

«እንዲህ ከሆነ ይኸ ነገር የሚወደው ብርድ ነው በለኛ» አሉኝ ስወርድ። «ደጋ ሰው ነው፣ እንደ አጎትህ።»

ብርሃኑን ይወዳል፣ ሙቀቱን ግን አይችልም አልኳቸው።

«ሁለቱ ምንና ምን ናቸው? ከአንዲት ፀሐይ አይደለም የሚመጡት?»

ስለ ኤሌክትሮን ብጀምር እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በሚያዝያ የሚተኙት የት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ደጅ ነዋ፣ አንገሬብ ላይ። መሬት ላይ ተኝቼ ልጋገር ነው? ከሥር ነፋስ ካልገባ እኮ ሰው…»

እዚህ ላይ አቆሙ። ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ፣ ወደ እኔ አዩ። አንገሬብ የምንለው በገመድ የተጠለፈውን፣ ከሱዳን ሰዎች የወረስነውን የእንጨት አልጋ ነው። በእኛ አገር በጋ ላይ ያለ አንገሬብ የሚተኛ እንግዳ ብቻ ነው። ገመዱ ነፋስ ያሳልፋል፤ እግሩ ከጋለው መሬት ያርቃል። ወንድሜ ማማውን ያቆመው ለምን እንደሆነ እኔም ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ለፍየሉም ሊሆን ይችላል። ግን ለነፋሱ ነው።

«እኛ ነን መሬት ላይ ያስተኛነው» አሉ ጎረቤታችን፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው።

ማማ እንሥራ ተባለ። ሽመል በዚያ ሰሞን በቅርብ አይገኝም፤ ቆርጦ እስኪመጣ ችግኞቹ አይጠብቁም። ያለው እንጨት ሁሉ የአጥር ነው፣ እሱም ምስጥ የበላው ነው። ይኼን ስንነጋገር እናቴ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ቆይታ የወንድሜን አንገሬብ እየጎተተች ወጣች።

ከተቀበረ ወዲህ ያን አንገሬብ ማንም አልተኛበትም፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ግድግዳው ላይ አስደግፋው ነበር፤ ዘመድ ሲበዛና መኝታ ሲጠፋ እንኳ ማንም አልነካውም። ላግዛት ብዬ ስጠጋ በእጇ ከለከለችኝ። ግቢው መካከል አስቀመጠችውና ገመዱን ራሷ መፍታት ጀመረች። ወንድሜ ነበር የጠለፈው፤ ቋጠሮው ጠንካራ ነው፤ በቢላዋ ልቁረጥልሽ አልኳት፣ እምቢ አለች። አንድ በአንድ ፈታችው። ስትጨርስ ገመዱን ጠቅልላ ይዛ ተነሣች።

«ነፋስ ከሆነ የሚፈልገው፣ ይኸው» አለች።

ጎረቤታችን ሄደው የራሳቸውን አንገሬብ በጭንቅላታቸው ተሸክመው መጡ፤ ሶላሩ ሁለት ነውና። ሲያወርዱት፣ «ለሶላር አልጋውን ለቅቆ መሬት የሚተኛ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም» አሉ። እናቴ ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሶላሮቹን ከጣሪያ አወረድን። ጉድጓዱ አጠገብ፣ ምንም ጥላ በማይደርስበት ቦታ አንገሬቦቹን አቆምንና ሶላሮቹን በእንጨታቸው ላይ አስረን አስተኛናቸው። በአንድ በኩል ያሉትን እግሮች ድንጋይ ላይ አስቆምን፤ አቧራ እንዳይጠራቀምበት ትንሽ ዘንበል እንዲል ነው። ዙሪያውን እሾህ አጠርን፤ ፍየሎቹ ወዲያው መጥተው ሲያዩት ነበር።

ተአምር አልሆነም። ቀትር ላይ አሁንም ትንሽ ይደክማል፤ በሚያዝያ ማን አይደክም? ግን አያቆምም። ቀትር ላይ እጄን ከሥሩ ሳስገባ ይሞቃል እንጂ አይፈጅም፤ ነፋሱ በጣቶቼ መካከል ሲያልፍ ይታወቀኛል። ጥቂቶቹ ችግኞች አስቀድመው ደርቀው ነበር፣ እነሱን ነቀልናቸው። የቀሩትን ግን፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማጠጣት ቻልን። እናቴ ጎማውን ከእኔ እየተቀበለች ራሷ ማጠጣት ጀመረች። ከወንድሜ ሞት ወዲህ እሷን የሚያስነሣት ነገር ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

አጎቴ እንዳለው በግንቦት መጣ። ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ ሰማዩ ከማዶ በኩል መጥቆር ብቻ ነበር የጀመረው። ዕቃ የሚጭን አይሱዙ ይዞ፣ ሹፌሩን ደጅ አቁሞ፣ ነጠላውን እያራገበ ገባ። መጀመሪያ ያየው ሶላሮቹን ነው።

«ወይ አገር!» አለ። «ሶላሩ አልጋ ላይ ይተኛል፣ ሰዉ መሬት ላይ!»

ጎረቤታችን ድምፁን ሰምተው በአጥሩ በኩል መጥተው ነበር። «ሰውማ ሞቆትም ይሠራል» አሉት። «ይኼኛው እንዳንተ ነው፤ ትንሽ ሲሞቀው ተሸክማችሁ ውሰዱኝ ይላል።»

አጎቴ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሰብስቦ እናቴ ወዳለችበት፣ ወደ ማንጎዎቹ ሄደ። እኔ ከኋላው ተከተልኩ። ቃሏን ሰጥታዋለች፤ እሱም የመጣው ለቃሏ ነው። በረድፎቹ መካከል ቀስ እያለ ሄደ። ታችኛውን ቅጠል አየ፣ ከዚያ ጫፉን አየ። ብዙዎቹ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ቀይ፣ ለስላሳ ቅጠል አውጥተው ነበር። አንዱን በጣቱ ያዘ። ፊቱ አዘነ። የምር አዘነ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«እቴ፣ ይኸው፣ አናታቸው ተቃጥሏል እኮ» አላት በቀስታ። «ፀሐይ ፈጃቸው። የተቻለሽን አድርገሻል፤ ይብቃሽ።»

እናቴ ቅጠሉን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ሳቀች። ድንገት ነው የመጣባት፤ ጥቁር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አጎቴ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። ከጥር ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም ነበር፤ ወደ ልቅሶ እንዳይዞርባት ፈራሁ። አልዞረም።

«ሕፃን ነው እኮ» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «ማንጎ ሲያቆጠቁጥ ቀይ ሆኖ ነው የሚወለድ። ኋላ ነው የሚለመልመው። አዲስ ነው፤ አልተቃጠለም።»

አጎቴ ቅጠሉን መልሶ ያዘ። አገላብጦ አየው። በሚቀጥለው ችግኝ ላይ አየ፣ ከዚያ በሚቀጥለው። ከዚያ ረድፉን በሙሉ በዓይኑ ተከትሎ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደ፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ።

«ሁሉም?» አለ።

ሁሉም አለችው።

ብዙ አልተከራከረም። ምሳ በላ፣ ውኃው ትኩስ ነው አለ፣ ደግሞ ቅዳልኝ አለ። ሹፌሩ ባዶውን ልመለስ ነው ወይ ብሎ ሲያጉረመርም እናቴ በፀሐይ የደረቀ ባምያ በጆንያ ሞልታ አስጫነችለት። አጎቴ ጋቢና ሆኖ፣ በሩን ሳይዘጋ፣ ቆላ ውስጥ እህቱን ትቶ ባምያ ይዞ የሚገባ ሰው ዘመዶቹ ምን እንደሚሉት ጠየቃት። መጀመሪያ ይህን ቅመሱት በላቸው አለችው።

መኪናው አቧራውን አስነሥቶ እስከ አስፋልቱ ሲሄድ አብረን ቆመን አየነው። ስለ ወንድሜ፣ ስለ አንገሬቡ አንድ ነገር ልላት ፈለግሁ። እሷ ግን አልጠበቀችኝም። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ አስራ፣ ወደ ጓሮ ተመለሰች። ፓምፑ እየሠራ ነበር፣ የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ገና አልጠጣም።